የሌባ ባልደረባ ማነው?

ማታ ከሥራ ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገዱ ዳር የምናያት ትንሽ ሱቅ አለች። ከፊቷ የብረት ፍርግርግ ተበይዶባታል፤ በፍርግርጉም መካከል አንድ እጅ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተትቷል። ገዢው ገንዘቡን በቀዳዳው ያሾልካል፤ ባለሱቁም ሳሙናውን ወይም ሻማውን በዚያው ያቀብለዋል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰፈር ውስጥ አሥር ዓመት አብረው ኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ እስረኛና እንደ ጠያቂ በብረት መካከል ይነጋገራሉ። ምንም ያልበደለው ባለሱቅ በብረት ውስጥ ተቀምጦ፥ የበደለው ሰው በነጻው አየር ይንሸራሸራል።

ይህን ነገር ሁላችንም ስለለመድነው አያስገርመንም። ዛሬ ግን እስቲ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከተው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን ስለ ስርቆት በተወራ ቁጥር የሚነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሰራቂው፥ ሁለተኛው ተሰራቂው። በእኛ አስተያየት ግን በዚህ ነገር ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ። የዚህ ሰው ስም በክስ መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ሌባ ተብሎም በአደባባይ አይሰደብም፤ ብዙውን ጊዜም ንጹሕ ልብስ የለበሰ፥ የተማረና በሰፈሩ የተከበረ ነው። ስለ እርሱ ከመናገራችን በፊት ግን ስርቆት በሰፈር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ ባለሱቁን እንይ። እንደሚታወቀው የችርቻሮ ንግድ ትርፉ ጥቂት ነው። አንድ ባለሱቅ በ95 ብር የገዛውን ዕቃ በ100 ብር ይሸጣል እንበል፤ ትርፉ 5 ብር ነው። ከነዚህ ዕቃዎች አንዷ ብትሰረቅበት የጠፋው 5 ብር አይምሰለን፤ የጠፋው 95 ብር ዋናው ገንዘብ ነው። ይህን ለመተካት ሌላ 19 ዕቃ መሸጥ አለበት። አሥራ ዘጠኙን ዕቃ ሸጦ እስኪጨርስ ድረስ የሚደክመው ለልጆቹ ጉሮሮ መሆኑ ቀርቶ ለሌባው ሆነ ማለት ነው። ሱቁ ሌሊት ተሰርስሮ ጧት ባዶ መደርደሪያ ያገኘ ሰውማ ስንት ወር ለሌባ ሲያገለግል እንደሚከርም አንባቢ ራሱ ያስላው። ትልቁ ነጋዴ ኢንሹራንስ ይገባል፥ ዘበኛ ይቀጥራል፥ ካሜራ ይሰቅላል፤ የትንሹ ባለሱቅ ኢንሹራንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉና ጸሎቱ ነው።

ጉዳቱ በባለሱቁ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ እንኳ ባልከፋ ነበር። ለፍርግርጉ ብየዳ፥ ለሁለተኛው ቁልፍና ለሌሊት ዘበኛው የሚወጣው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ በስኳሩና በዘይቱ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ከእኛው ኪስ ይወጣል። ከዚህም በቀር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሠራ የነበረው ሰው አንድ ጊዜ ከተዘረፈ ወዲያ በአንድ ሰዓት መዝጋት ይጀምራል። አምሽቶ የሚገባው ሠራተኛ ዳቦ የሚገዛበት ያጣል። ይልቁንም የሱቁ መብራት ሲጠፋ መንገዱ አብሮ ይጨልማል። በመንገዱ ዳር በቆሎ ስትጠብስ ታመሽ የነበረችው እናት ብርሃኑ ሲቀርባት ምድጃዋን አንሥታ ትገባለች። ሊስትሮውም ሳጥኑን ይሸክማል። ሰው የሌለበት መንገድ ደግሞ ለማጅራት መቺ የተመቸ ነው። እንግዲህ ስርቆት ጨለማን ይወልዳል፤ ጨለማም በተራው ስርቆትን ይወልዳል ማለት ነው።

ጄን ጄኮብስ የተባለች ጸሐፊ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ የመንገድን ሰላም በመጀመሪያ የሚጠብቁት በመንገዱ ዳር የሚኖሩትና የሚነግዱት ሰዎች ዓይኖች መሆናቸውን አስረድታለች። ይህን ለመረዳት ግን ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጉልት የምትቸረችረው እትዬ ማን ወጣ፥ ማን ገባ፥ የማን ልጅ ከማን ጋር ዋለ የሚለውን ሁሉ ከማንም አስቀድማ ታውቃለች። እርሷ ከቦታዋ የተነሣች ቀን ሰፈሩ ከዘበኞቹ አንዱን አጣ፤ ያውም ደመወዝ የማይከፈለውን ዘበኛ።

ወደ ነዋሪው ስንመለስ ደግሞ ከዕቃ የበለጠ ነገር ሲጠፋ እናያለን። የአንድ ሰፈር ሰላም የሚለካው በምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀን ሰው ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ልጅን ወደ ሱቅ መላክ ይቻላል ወይስ አይቻልም? እናት ልጇን «ሮጥ ብለህ ጨው ግዛልኝ» ለማለት ከፈራች ያ ሰፈር ተሰርቋል። የማታ ትምህርት የምትማረው ወጣት ስልኳን እንዳይቀሟት ፈርታ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጥላ ከወጣች ትምህርቷ ተሰርቋል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ በሌሊት ከተወሰደባት የሄደው ብረት ብቻ አይደለም፤ የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይዋም አብሮ ሄዷል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው የመተማመን መጥፋት ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ እስከ ወር ደመወዝ ድረስ በዱቤ መስጠቱ የብዙ ቤተ ሰብ ምሰሶ ነው። በስርቆት የተጎዳ ባለሱቅ ግን የዱቤውን ደብተር ይዘጋል። እንግዳ ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር ይጠረጥራል፤ የጎዳና ልጅ ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተከለ ጎረቤትም በመስኮቱ አሻግሮ «እንዴት አደራችሁ» ማለቱን ይተዋል። የከተማው የጋራ ንብረት እንኳ አልተረፈም። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን በሌሊት ይነሣና ጧት መንገደኛ እግሩን ይሰበራል። የኤሌክትሪክና የስልክ ኬብል ይቆረጥና ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲያመላልስ የቆየው ቀላል ባቡር እንኳ ከኬብል ሌባ አልዳነም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው እንምጣ። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን የሚበላ ነገር አይደለም። ኬብልም በቤት ውስጥ አይጌጥበትም። የመኪና መስተዋት ነቅሎ የወሰደ ልጅ መኪና የለውም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሌባው ለምን ይሰርቀዋል? የሚገዛው ሰው ስላለ ነው።

አንድ ባልንጀራችን ያጫወተንን እንንገራችሁ። መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ ለግማሽ ሰዓት ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ሁለቱም ስፖኪዮ ተነቅለው ጠበቁት። ለፖሊስ ለማመልከት አልፈለገም፤ «ለዚህ ብዬ ቀኔን ላቃጥል?» አለና ወደ አንድ የአሮጌ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ሄደ። ሻጩም የመኪናውን ዓይነት ከጠየቀው በኋላ፥

«ጋሼ፥ ነገ ጧት ብቅ ይበሉ፤ ልክ የእርስዎን የሚመስል ይመጣል» አለው።

በማግሥቱ ሲሄድ ዕቃው መጥቷል። ከአንደኛው መስተዋት ጠርዝ ላይ ትንሿ ልጁ የለጠፈችው የቢጫ አበባ ሥዕል ገና አልተላጠም ነበር።

«ይሄ እኮ የራሴ ነው!» ቢል ሻጩ ፈገግ ብሎ፥

«ጋሼ፥ የእርስዎም ቢሆን ዋጋው ያው ነው» ሲል መለሰለት።

ባልንጀራችን ከፈለና ወሰደ። በኋላም ቡና ተሰብስበን ስንጠጣ «ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ አገኘሁት» እያለ ታሪኩን እንደ ቀልድ ነገረን። እኛም ሳቅን። እርሱ በከፈለው ገንዘብ በዚያች ሌሊት የማን መኪና እንደ ተነቀለ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ስናስበው ያ ሳቅ ያሳፍረናል።

እንዲህ ያለው ንግድ የእኛ ከተማ ፈጠራ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሎንዶን ከተማ ጆናታን ዋይልድ የሚባል ሰው ነበር። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ወደ እርሱ ዘንድ ይሄድና ዋጋ ከፍሎ ንብረቱን ያገኝ ነበር። ሕዝቡም ሌባ አዳኝ ነው ብሎ አከበረው። ነገሩ ሲመረመር ግን ሌቦቹን የሚያሰማራው እርሱ ራሱ ነው፤ የታዘዙለትን ያኖራል፥ ያልታዘዙለትን እየያዘ ለስቅላት ይሰጣል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1718 እ.ኤ.አ. ሌባውን ለፍርድ ሳያቀርቡ የተሰረቀ ዕቃ በማስመለስ ዋጋ መቀበልን ከባድ ወንጀል አደረገው፤ ዋይልድም በ1725 እ.ኤ.አ. ተሰቀለ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ፓትሪክ ኮልኩን የተባለ የሎንዶን ዳኛ ስለ ከተማዪቱ ፖሊስ ሲጽፍ ከስርቆቱ ሥር አንዱ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይ መሆኑን አጥብቆ አሳሰበ። በ1798 እ.ኤ.አ. በቴምዝ ወንዝ ላይ የመርከብ ጭነት የሚጠብቅ ፖሊስ ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ይኸው ሰው ነበር።

የአገራችንም ሕግ ይህን ጉዳይ ችላ አላለውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይን ይቀጣ ነበር። እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 682 ይህንኑ ደንግጓል። በዚህ አንቀጽ ላይ ተማሪዎችም ሆኑ ወጣት ሠራተኞች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕጉ የሚከሰው ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ጭምር ነው። በሱቅ 20,000 ብር የሚያወጣ ስልክ ካርቶን የለው፥ ደረሰኝ የለው፥ ባለቤቱ የመክፈቻ ቁጥሩን አያውቀው፤ በመንገድ ማዕዘን ላይ ቆሞ በ3,000 ብር ሲሰጠን «ከየት መጣ?» ብሎ አለመጠየቅ የዋህነት ሊባል አይችልም። ዓይንን ጨፍኖ መግዛት ነው።

በቋንቋችንም ላይ አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር ደርሷል። እንዲህ ያለውን ስልክ የገዛውን ወጣት ጓደኞቹ «አራዳ!» ብለው ያደንቁታል፤ ደረሰኝ የጠየቀውን ግን «ፋራ» ይሉታል። አራዳ የሚለው ስም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ስም ነው። ገበያው ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ያን ገበያና ከተማዪቱን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎችም የአራዳ ዘበኛ ይባሉ ነበር። የያኔው አራዳ ዘበኛ ሌባ ይይዝ ነበር፤ የዛሬው አራዳ የሌባ ደንበኛ ሆኗል። ስሙን ወርሰን ግብሩን ገለበጥነው።

«ድኻ ርካሽ ዕቃ ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃና የተሰረቀ ዕቃ አንድ አይደሉም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከተጣለ ብረት ምድጃና ባልዲ የሚሠሩት ባለሙያዎች ለድኻው የሚስማማ ዕቃ በላባቸው ያቀርባሉ። እንደነዚህ ያሉትን ሐቀኞች በመጀመሪያ የሚጎዳቸው ሌባው ነው። ገንዘብ አውጥቶ አሮጌ ዕቃ የገዛ ነጋዴ በነጻ ከሰረቀው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ በዚያም ላይ ስሙ አብሮ ይታማል።

ደግሞስ ከዚህ ንግድ ድኻው ምን ይጠቀማል? ከላይ የጠቀስነውን ስልክ እንደገና እናስበው። የነጠቀው ልጅ 3,000 ብር ያገኛል፤ ከተያዘም ወኅኒ ይወርዳል። የቀረው 17,000 ብር በገዢውና በአሻሻጩ እጅ ይቀራል። ሥራ አጥቶ በየመንገዱ የሚንከራተተውን ወጣት በእሳት ውስጥ እየላከ ትርፉን ከዳር ሆኖ የሚሰበስበው ያ ንጹሕ ልብስ የለበሰው ሰው ነው። ሕዝቡ ግን «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ልጁን ብቻ ያሳድዳል፤ ይባስ ብሎም በድንጋይና በዱላ ይደበድበዋል። ይህ ነውር ነው። በደቦ መደብደብ ራሱ ወንጀል ነው፤ ንጹሕ ሰው ሲጎዳበትም ታይቷል። ልጁን ደብድበን ወደ ቤታችን ስንገባ የገዢው ሱቅ ክፍት ሆኖ ሌላ ልጅ ይጠብቃል።

የቀድሞ አባቶቻችን ሌባን የሚፈልጉበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ሌባ ሻይ የሚባለው በመድኃኒት የሰከረ ልጅ እየመራ የሚደርስበትን ቤት የሌባ ቤት የሚያደርግ ልማድ ስለ ነበር መቅረቱ የሚያስደስት ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ግን የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ የሚመካከርበት ሸንጎ ነበር። ይህም ቢሆን ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑን ከሥራው ያስፈታል፥ ለቂመኛም በር ይከፍታል። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ምርመራው የፖሊስ፥ ፍርዱም የዳኛ መሆኑ መልካም ሆኗል። ነገር ግን ከአፈርሳታ ጋር አብሮ ሊቀር የማይገባው አንድ ሐሳብ ነበር፤ እርሱም የአንድ ሰው ንብረት ሲጠፋ ነገሩ የሁሉ ነው የሚለው ነው። እኛ ፖሊስ አለ ብለን ይህን ሐሳብ ጥለነዋል። ጎረቤት ሲዘረፍ መስኮት እንዘጋለን፤ ነግ በኔ ማለትን ረስተናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራ ለሌለው ወጣት ሥራ መክፈት፥ መንገድን በመብራት ማስዋብ፥ የፖሊስን ኃይል ማጠናከር የመንግሥት ትልቅ ተግባር ነው። ከእኛ እጅ ያለው ግን ከዚህ ይቀላል።

ተማሪው ያገለገለ ስልክ ወይም መጽሐፍ ወይም ኮምፒዩተር ሲገዛ ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ደረሰኝ ባይኖር የሻጩን መታወቂያ አይቶ በጽሑፍ ይዋዋል። የራሱንም ስልክ ዛሬውኑ *#06# ብሎ ቢደውል 15 አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር ይወጣለታል፤ ይህን በደብተሩ ጽፎ ቢያስቀምጥ ስልኩ በጠፋ ጊዜ «የኔ ነው» ለማለት ማስረጃ አለው። ከጓደኞቹም መካከል አንዱ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ ሲኩራራ ከማድነቅ ይልቅ ዝም እንኳ ቢለው ትልቅ ነገር ነው። ምስጋና ያጣ ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በጠረጴዛው ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ ያስተውል። የተሰረቀበት ሰው ሊያመለክት ሲመጣ «ነገ ይምጡ» ከተባለ፥ ምስክርም በቀጠሮ ብዛት ከተንገላታ ሁለተኛ አይመለሱም። ያልተመዘገበ ስርቆት እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል፤ ፖሊስም የትኛው መንገድ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ አይችልም። ለከባድ ወንጀሎች ጠቋሚና ምስክር በ2003 ዓ.ም. የጥበቃ አዋጅ ወጥቶላቸዋል፤ በትንሹ ጉዳይ ግን የምስክር ጥበቃው የሠራተኛው ትሕትናና ፍጥነት ነው። አንድ ቅጽ በጊዜው መሙላት ከአንድ የብረት በር ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

የሰፈር ሰው በበኩሉ ዕድሩን ለቀብር ብቻ አያስቀምጠው። በየደጃፉ አንድ አምፖል ማብራት፥ የሌሊት ዘበኛውን ደመወዝ ሳያዛንፉ መክፈል፥ የተዘረፈውን ባለሱቅ ዕቃ በማስቀደም መግዛት ሁሉ ከዕድር አቅም በላይ አይደለም። በተለይም በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩት፥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከቀድሞ ሰፈራቸው ተነሥተው በአዲስ ቦታ የሠፈሩት ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል። የታደሰው መንገድ መብራት አግኝቷል፤ ከመብራቱ ሥር የሚተዋወቅ ሰው ከሌለ ግን ብርሃኑ ለሌባም ያበራል። ጎረቤትን በስሙ ማወቅ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሌባው ካመለጠ በኋላ መጮኽ ልማዳችን ሆኖ ቆይቷል። ጅቡ ግን ወደ ሰፈራችን የሚመጣው የሚበላ ስለምናስቀምጥለት ነው። ዛሬ ማታ ወደዚያች ባለፍርግርግ ሱቅ ስንሄድና እጃችንን በቀዳዳው ስናስገባ ያን ብረት የበየደው ማን እንደሆነ እናስብ። ሌባው ብቻውን አልበየደውም፤ በርካሽ የገዛነው፥ አይተን ዝም ያልነው፥ ባለጉዳዩን «ነገ ይምጡ» ያልነው ሁሉ አብረን ይዘንለታል። አብረን የያዝነውን አብረን ልንለቀው እንችላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል ለሌባም ሳይሠራ አይቀርም።